የእናቴን ቁጥር ለመላው ቧንቧ ውሃ ስላስተዋወቁልን

ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የጦሳ ተራራ ብርድ ጉልበትዎን ሳይደፍር፣ የክረምቱ ጭጋግ ደረትዎን ሳያከብድ፣ የቢሮዎ ወንበርም ወገብዎን ሳይቀየም ይህ ደብዳቤ በሰላም እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ቤተሰብዎ፣ ጎረቤትዎ፣ ከሁሉም በላይ ማኅተምዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ።

የጽሕፈት ቤትዎን ስም ከላይ ያልጻፍኩት ረስቼው እንዳይመስልዎ። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ቤት የሚታወቅ ነገር ሁሉ ከውጭ መጻፍ እንደሌለበት በቅርቡ በቤተሰባችን ላይ ከደረሰው ስለተማርኩ ነው። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ፤ እኔም አውቅዎታለሁ፤ ሌላው አንባቢ ባያውቀው የሚጎድልበት የለም። በዚሁ ምክንያት የእናቴን የመታወቂያ ቁጥርም እዚህ አላሰፈርኩትም። ለመዝገብ ካስፈለገዎ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ያገኙትን ሰው ያቁሙና ይጠይቁ፤ ከእኔ ፈጥኖ ይነግርዎታል።

ሀናን አብዱልባሲጥ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ የአማርኛ መምህርት ነኝ። እናቴ ኡሙሰልማ ደሴ ቧንቧ ውሃ ትኖራለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ስለሆነች በየሳምንቱ መጨረሻ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥቼ እጠይቃታለሁ። እናቴ ባለሥልጣን አይደለችም፤ ሀብትም የላትም። በሰፈሩ የምትታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ምላ አታውቅም። እርስዎም የአገሩን ወግ ያውቁታል፤ እኛ ዘንድ ሽንኩርት ለመሸጥም «ወላሂ» ይባላል። እናቴ ግን ለእውነተኛ ነገር እንኳ የአሏህን ስም አትጠራም ነበር። «እውነት ከሆነ ራሱ ይቆማል፤ እኔ ማን ሆኜ ነው ጌታዬን ለምስክርነት የምጠራው» ትል ነበር። ስለዚህ ሁለት ጎረቤቶች በፍሳሽ ቦይ ወይም በጠፋች ዶሮ ሲጣሉ ወደ ቀበሌ ሳይሆን ወደ እሷ ነበር የሚመጡት። ኡሙሰልማ ካለች አለች ነው፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ይህን ያስቀደምኩት ጽሕፈት ቤትዎ ያደረገልንን ነገር መጠን በትክክል እንዲረዱልኝ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ፖስታው ነው። ነዋሪዎች ቀርበው መረጃቸውን እንዲያረጋግጡ የሚጠይቅ ደብዳቤ ልከውልን ነበር። የደብዳቤው መልእክት ሁለት መስመር ሲሆን በጥንቃቄ ታጥፎ፣ በማጣበቂያ ታሽጎ፣ ማንም እንዳያየው ሆኖ ነው የመጣው። ከውጭ በኩል ደግሞ የእናቴ ስም እስከ አያቷ፣ የተወለደችበት ዘመን፣ የስልክ ቁጥሯ፣ ከዚያም በታች ደመቅ ባለ ፊደል የመታወቂያ ቁጥሯ ታትሟል። «ቀርበው ያረጋግጡ» የሚለውን አሽጎ እውነተኛውን ምስጢር ደጅ ማሳደር ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። ጽሑፉም የሚያስመሰግን ነው፤ በሰፈራችን ከማዶው ፋርማሲ ታፔላ ቀጥሎ ከሩቅ የሚነበበው እሱ ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ አደራረሱ ነው። እናቴና መሰሎቿ የፖስታ ሣጥን ስለሌላቸው ፖስታዎቹ በጥቅል ወደ ቀበሌ መጡ፤ ቀበሌው ደግሞ ሰው የሚበዛበትን ቦታ አስቦ ለጋሽ አምባዬ ሱቅ ሰጣቸው። ጋሽ አምባዬ የሰው አደራ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ከዘይትና ከአይጥ ለማዳን ብለው በሱቁ ፊት ለፊት የናይለን ገመድ ወጠሩና ፖስታዎቹን በልብስ መቆንጠጫ አንድ በአንድ ሰቀሏቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን በቀላሉ እንዲያገኝም ጽሑፋቸውን ወደ መንገዱ አዞሩት። እሳቸውን አልወቅስም። ዝናብ ሲመጣ ሮጠው ወጥተው ላስቲክ ያለብሷቸው ነበር። ክቡር ሆይ፣ ለመረጃችን እስከ ዛሬ ከተደረጉት ጥበቃዎች ሁሉ ትልቁ ያ ላስቲክ ነው።

በዚያ ወቅት እናቴ ጉልበቷን አሟት ከብርዱ ሸሽታ እኔ ዘንድ ኮምቦልቻ ስለነበረች የእሷ ፖስታ ገመዱ ላይ ሰነበተ። ዳቦ የሚጠብቅ ሰው አነበበው፤ ሚኒባስ የሚጠብቅም አነበበው። ዘመዶቻቸው ሌላ አገር ያሉ ሰዎች «ፖስታችሁ መጥቷልና ተወካይ ላኩ» ለማለት ገመዱን እንዳለ በስልክ ፎቶ እያነሱ ሲልኩ ሰነበቱ። ሁሉም በቅን ልቦና ነው። ፎቶው በስንት እጅ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም፤ ከእነዚያ እጆች አንዱ ግን ቅን አልነበረም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ እንግዶች ስለላኩልን ነው።

እናቴ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ወራት አልፈው ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እሷ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች፣ እኔም የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ሳለን ሦስት ሰዎች ወደ ግቢያችን ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በእርጋታ ነው የሚራመዱት። ሦስተኛው ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው የሚመጡ ጎልማሳ ናቸው። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሠላሳ ካለፈኝ ቆይቷል፤ አላገባሁም፤ እናቴም ስለዚሁ ጉዳይ ያላደረገችው ዱዓ የለም። እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዲህ ባለ አካሄድ ሲገቡ ስታይ ምስሩን አስቀምጣ ተነሣች፤ ወደ እኔም ዞር ብላ በዓይኗ ሻሼን እንዳስተካክል ነገረችኝ።

ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ያለው ሁሉ ቀረበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገራቸው ሳያልቅ ምንም እንደማይቀምሱ በትሕትና ገለጹ። እናቴ ይህም የልጅ ጠያቂዎች ወግ ነው ብላ ደስታዋ ጨመረ። እኔም ልደብቅዎ አልችልም፤ ጎልማሳውን በጎን አየት አድርጌ ለማን ይሆን የመጡት ብዬ አሰብኩ።

ጎልማሳው አቶ ሀምዱ ይባላሉ፤ ከደጋን አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። ለማን እንደመጡም ወዲያው ነገሩን። ልጃቸው ከይሪያ ሳዑዲ አረቢያ በሰው ቤት ትሠራለች። ለብዙ ጊዜ ድምጿ ጠፍቶ ሲጨነቁ አንድ ሰው ደውሎ ከይሪያ እንደታሰረች፣ ገንዘብ ካልተላከላት ወዳልታወቀ ቦታ እንደምትወሰድ ነገራቸው። ስሟን ያውቃል፤ የአባቷንም ስም ያውቃል። አባት ናቸውና የሚያርሱበትን በሬ ሸጠው የተጠየቁትን ላኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ተዘጋ። ለፖሊስ ሲያመለክቱ ስልኩ በማን ስም እንደወጣ ተነገራቸው፦ ኡሙሰልማ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እየጮኸ ይገባ ነበር። አቶ ሀምዱ ግን ሽማግሌ ይዘው መጡ። እናቴን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ እንዲህ አሏት፦ «በሬውን ሐላል ብዬልዎታለሁ። ልጄ ያለችበትን ብቻ ይንገሩኝ።»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። ከይሪያ የምትባል ልጅ እንደማታውቅ፣ ያላት ስልክ አንድ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ እኔም ከመኝታዋ ራስጌ ያቺን ባለ ቁልፍ ስልኳን አምጥቼ አሳየሁ። ቁጥሩ የተለየ ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰው ሁለት ስልክ ሊኖረው እንደሚችል ለመናገር አፍረው ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጣሉ።

ሮጬ የሰፈሩን እድር፣ የቅሬያችንን ሰብሳቢ ሸህ ሱሌማንን ጠራኋቸው። እናቴን ከሙሽርነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ነገሩን ሰምተው ለእንግዶቹ እንዲህ ሲሉ አስረዱ፤ ይህች ሴት በሰፈራችን ቃሏ እንደ መሐላ የሚቆጠር ናት፣ አላውቅም ካለች አታውቅም፣ እኛ ሁላችንም ዋስ ነን። የደጋን ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ሀምዱ ግን ያን ጊዜ ዕንባቸው መጣ።

«ቃሏን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የማውቀው ስልኩን ነው» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር በቢሮዎ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉት እለምንዎታለሁ። በእኔ ሙያ ስለ ማንነት ብዙ ድርሰት አርሜያለሁ፤ ከዚህ ያጠረና የበለጠ ግን አላጋጠመኝም። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ሰፈር ያጠራቀመችው ስም ከደጋን ለመጣ አንድ አባት ምንም አልነበረም። እሳቸው የደረሳቸው በቁጥሯ የተከፈተው ሐሰት ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ይመኗት?

ሸህ ሱሌማን ሊከራከሩ ሲሉ እናቴ በእጇ ከለከለቻቸው። ተነሥታ ውዱእ አደረገች። ተመልሳ መጥታ ቁርኣን እንዲያመጡላት ጠየቀች፤ እጇን አሳርፋበት፣ በአሏህ ስም፣ ስለዚህ ነገር የምታውቀው እንደሌለ ማለች። ድምጿ እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት አባቴን በቀበርንበት ቀን ብቻ ነው። አቶ ሀምዱ አንድ ጉርሻ ቀምሰው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ስለ ልጃቸው ምንም ሳያገኙ ሄዱ። በሬያቸውንም ልጃቸውንም የት እንደሚፈልጉ ሳያውቁ ከግቢያችን ሲወጡ አየኋቸው።

እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔን ስታየኝ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «ስለ ልጅ መጡ ብዬ ነበር። ስለ ልጅስ ነው የመጡት።»

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ስሕተትዎ ነው፤ ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ የምለው ነው። በማግስቱ እኔና እናቴ ራሳችን ወደ ፖሊስ ሄድን። ምንይሉ የተባለ ወጣት መርማሪ እናቴን በአክብሮት አስቀምጦ፣ ስልኩ የወጣበትን ስም ከእናቴ መታወቂያ ጋር ሲያመሳክር ቆመ። የእናቴ አያት ይማም ይባላሉ። መታወቂያዋም የሚለው ይማም ነው። ስልኩ የወጣው ግን «ይማን» በሚል ነበር። መርማሪው እንዲህ ተብላ የተጻፈችበት ሌላ ቦታ እንዳለ ጠየቀን። እናቴ ቦርሳዋን ከፍታ የእርስዎን ፖስታ አወጣች። ይማን። በመላው ኢትዮጵያ ስሟን እንዲህ አድርጎ የጻፈ ብቸኛው አካል ጽሕፈት ቤትዎ ነው። አንድ አጭበርባሪ ከገመዱ ፎቶ ላይ ስሟን፣ ቁጥሯንና የትውልድ ዘመኗን ገልብጦ፣ ጥንቃቄ ከማያበዛ ሲም ሻጭ ዘንድ ሄዶ፣ በእናቴ ስም መስመር እንዳወጣ የታወቀው በዚህ ነው። የእናቴን አያት ስም በትክክል ጽፈውት ቢሆን ኖሮ እናቴ እስካሁን ተጠርጣሪ ነበረች። እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ ባለው ትጋት ላይ ትንሽ ትክክለኛነት ቢጨምርበት ምን ይውጠን እንደነበር እያሰብኩ አሏህን አመሰግናለሁ። ሰውዬው እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ከዚያም ወደ እርስዎ መጣን። ምስጋናዬ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ እዚህ ላይ ይጠፋብኛል፤ በዚያች አንዲት ጠዋት የተደረገልን ብዙ ነውና።

እርስዎ አልነበሩም። ስለ መረጃ ደኅንነት ሥልጠና ላይ መሆንዎ ተነገረን፤ እንዳያቋርጡት ብለን ደስ እያለን ተቀበልን። ያነጋገረችን ነፃነት የተባለች ሠራተኛዎ ናት፤ ፊቷ የማይቋጠር፣ ለእናቴም ወንበሯን የለቀቀች መልካም ልጅ ናት። ቁጥሩ ለምን ከፖስታው ውጭ እንደሚጻፍ ስጠይቃት፣ ስሙ የሚመሳሰል ሰው ስለሚበዛ ደብዳቤው በስሕተት ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ተብሎ እንደሆነ አስረዳችን። ምክንያቱ ያጠግባል። ሁለት መስመር ደብዳቤ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ሰውየውን ራሱን ለሁሉ ሰው እጅ መስጠት፤ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ አላውቅም።

አቤቱታችንን በጽሑፍ እንድናቀርብ ተነገረን፤ አቀረብን። ከርእሱ አጠገብ የመታወቂያ ቁጥር ካልሰፈረ መዝገብ ቤት እንደማይቀበለው ተነገረን፤ እናቴ እያቅማማች አሰፈረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ ምላሽ ሰጠ። በግቢው መግቢያ በሚገኘው ሰሌዳ ላይ «ቁጥራቸው ለሌላ ወገን የተጋለጠባቸው ነዋሪዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ የነዋሪዎቹ ሙሉ ስምና ቁጥርም ከሥሩ ተዘርዝሯል። እናቴ ሦስተኛዋ ናት። ቀድሞ የማያውቃት የሆጤ ሰው፣ የአራዳ ሰው፣ ለጉዳይ ከደሴ ዙሪያ የመጣ ገበሬ ሁሉ አሁን ያውቃታል። ቧንቧ ውሃ ብቻዋን እንዳትጠቀም ማሰብዎ ፍትሐዊነትዎን ያሳያል።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ ልንገርዎ፤ ይህን ሥልጠናው ላይ አይነግሩዎትምና።

ኢድ ሊደርስ ሲል ከይሪያ ደወለች። አልታሰረችም፤ ታስራም አታውቅም። አሠሪዎቿ ስልኳን ወስደውባት ስለነበር ነው ድምጿ የጠፋው። አቶ ሀምዱ ለእናቴ ሲነግሯት እኔም ነበርኩ። ልጅቱ ሁሉንም በየስማቸው ጠየቀች አሉ፤ እናቷን፣ ወንድሞቿን፣ በመጨረሻም «ቡሬስ እንዴት ነው?» አለች፤ በሬው ማለቷ ነው። አባቷም ደህና ነው አሏት። በሰው አገር ላለች ልጅ ሌላ ምን ይባላል?

ይህን የነገሩን ከባለቤታቸው ከፈትሂያ ጋር ይቅርታ ሊጠይቁ ደሴ ድረስ በመጡ ጊዜ ነው። ፈትሂያ ገና ከበሩ እንደገባች የእናቴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እናቴ ይዛ አነሣቻት። አቶ ሀምዱ አንዲት ንጹሕ ሴት ማስማላቸው እንቅልፍ እንደነሳቸው፣ በአኺራ እንደሚጠየቁበት እያሰቡ እንደሚፈሩ ተናገሩ።

«አብሽሩ፣ ወንድሜ። እኔን ያስማለኝ ሌላ ነው፤ እርስዎማ አባት ነዎት» አለቻቸው።

ዛሬ ፈትሂያ በየጁምዓው ትደውልላታለች። ሁለቱ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያተረፍነው ይህን ዘመድ ነው፤ ለዚህም ቢሆን የጽሕፈት ቤትዎን ድርሻ መካድ አልፈልግም።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ባለፈው ወር ሁለት ሴት ጎረቤቶቻችን በአጥር ተጣልተው እንደ ልማዳቸው ወደ እናቴ መጡ። እኔ ደብተር ይዤ ጓዳ ነበርኩ። ተቀምጠው የጀመሩትን ክርክር ሰማሁ፤ ከዚያ እናቴ አቋረጠቻቸው። «ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ የማልኩ ሴት ነኝ» አለቻቸው። ሴቶቹ ሊያባብሏት ሞከሩ፤ መሐላው የግድ እንደነበር፣ በእውነት እንደማለች፣ ኃጢአትም እንደሌለበት ነገሯት። ሸህ ሱሌማንም ይህንኑ ነግረዋታል። እሷም ኃጢአት ነው አላለችም። የሌለ ነገር አለ ብላ መቀመጥ ስለማትችል ብቻ ነው። አንድ ቀን ቃሏ ብቻውን አልበቃ ብሎ ድጋፍ ፈልጓል፤ ከዚያ ወዲያ በሰዎች መካከል እንደ ቀድሞው ልታስቀምጠው አልደፈረችም። ሴቶቹ ወጥተው ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ጉዳያቸው እስካሁን ቀጠሮ ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥሯ ለምን ተግባር እንደዋለ በፖሊስ መዝገብ ላይ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው ግን የትም አልተመዘገበም፤ በየትኛው ቅጽ እንደሚሞላም ሠራተኞችዎን ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም። በእኛ አገር የሰው ገበና የሚባል ነገር አለ። ቤት ውስጥ ያለ ነገር በሙሉ ነውር ስለሆነ አይደለም የሚከደነው፤ የሰውየው ስለሆነ ነው። እናቴ የጎረቤቶቿን ገበና ዕድሜዋን ሙሉ ስትከድን ኖራለች። የእሷን ግን ጽሕፈት ቤትዎ ከፍቶ በመቆንጠጫ ሰቀለው።

የምጠይቅዎት ትልቅ ነገር አይደለም። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ መውጣቱን ሰምቻለሁ፤ እሱን አንብበው እንዲደክሙ አልፈልግም። ኮምፒዩተር እንዲቀይሩ፣ ከውጭ አገር ባለሙያ እንዲያስመጡም አልጠይቅም። አንድ ፖስታ በእጅዎ ይያዙና ከላይ በኩል ያለውን ክዳን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ያንሱት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ፖስታ ውስጥ አለው። ቁጥራችንን እዚያ ያስገቡልን። ከውጭ ስም ብቻ ይበቃናል፤ እሱም ይማም ተብሎ ቢጻፍ ደስ ይለናል። ከሰሌዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያም ነፋስ እስኪያወርደው ሳይጠብቁ ቢያወርዱልን፣ የአቤቱታ ጸሐፊዎችንም ቁጥር ከርእስ አጠገብ ማስጻፍ ቢተዉልን፣ ሌላው ምስጋናዬ ያለ ሽሙጥ ይደርስዎታል።

ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ፣ ደብዳቤዬም ከእርስዎ ሁለት መስመር ስለረዘመብኝ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥራዎ ይቃናልዎ ዘንድ፣ በሥልጠና ያገኙትም ዕውቀት ቀስ በቀስ እስከ ፖስታው ድረስ ይወርድ ዘንድ እመኛለሁ።

መረጃዋ በእጅዎ፣ አክብሮቷም በእጅዎ የሆነ፣

ሀናን አብዱልባሲጥ
የኡሙሰልማ ሰይድ ይማም ልጅ
ኮምቦልቻ

ማሳሰቢያ፦ ጋሽ አምባዬ የሆነውን ሲሰሙ በጣም አዝነው ገመዱን አወረዱት። ባለቤት ያልመጣለት አንድ ፖስታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ስሙን ስናይ የእርስዎ ሆኖ ተገኘ። ለካ እርስዎም በቧንቧ ውሃ የሚያከራዩት ቤት አለዎት። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ስለዋለ ሰው ሳያነበው አልቀረም። እናቴ የሰው ገበና ሜዳ ላይ አይቀርም ብላ፣ እኔም እንዳላይ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙራ በሻሽ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። በተመችዎ ቀን መጥተው ይውሰዱት። መታወቂያ መያዝ አያስፈልግዎትም፤ እናቴ ሰው የምትለየው በፊቱ ነው።